«በዓይኔ አይቼዋለሁ»፦ ገና ያልወጣ ስልክ አየሁ የሚልን ሰው እንመን?

ጥያቄ፦ «ኢንተርኔት ላይ የምከታተለው አንድ ሰው ገና ያልወጣ ስልክ በእጁ ይዞ እንዳየ ጻፈ። የካሜራውን አቀማመጥ፣ ቀለሙን፣ የጎን ቁልፎቹን ሳይቀር ዘርዝሯል። አንድ ብዥ ያለ ፎቶም ለጥፏል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የተናገረው ልክ ሆኗል። እኔ የስልኬ ስክሪን ተሰንጥቆ አዲስ ልገዛ ነበር። እሱ ግን ‹አሁን የሚገዛ ሰው ሞኝ ነው› ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ቀብድ ለከፈሉ ሰዎች ቀድሜ አስመጣለሁ ብሏል። ልመነው? ኩባንያዎቹ እንዲህ የሚደብቁትን ዕቃ ተራ ሰው ሊያየው ይችላል እንዴ?»

ምላሽ፦ ቀብዱን አትክፈል። ስልክ ካስፈለገህም በእሱ ወሬ ምክንያት አትጠብቅ። ይህን ስል ሰውየው ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። ላይሆን ይችላል። አንተ ነገሩን ሁለት ብቻ አደረግከው፤ ወይ ይዋሻል፣ ወይ እውነቱን ነው። እኔ በዚህ ሥራ ደጋግሜ ያጋጠመኝ ግን ሦስተኛው ነው። ሰውየው የሆነ ነገር በእርግጥ አይቷል። ያየው ነገር ግን አንተ ነገ ሱቅ ገብተህ የምትገዛው ዕቃ አይደለም።

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። አዎ፣ ተራ ሰው ሊያይ ይችላል። ብዙ ሰው ያልወጣ ስልክ ማለት ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ሦስት አለቆች ብቻ የሚያዩት ነገር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። አንድ ስልክ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት በሦስት ዙር የሙከራ ምርት ያልፋል። መሐንዲሶች ኢቪቲ፣ ዲቪቲ እና ፒቪቲ ይሏቸዋል። በመጀመሪያው ዙር ጥያቄው «ውስጡ ይሠራል ወይ?» ነው። በሁለተኛው «አካሉ እንደታሰበው ሆነ ወይ? ቢወድቅ፣ ቢሞቅ፣ ውሃ ቢነካው ይችላል ወይ?» ይባላል። በሦስተኛው ደግሞ ፋብሪካው ራሱ ይፈተናል፤ ይህንኑ ዕቃ በብዛትና በፍጥነት፣ ብዙ ሳያበላሽ ማውጣት ይችላል ወይ?

በእያንዳንዱ ዙር ስልኩን የሚነካው እጅ እየበዛ ይሄዳል። መስታወቱን የሚቆርጠው ፋብሪካ አለ። ካሜራውን የሚያቀርበው አለ። በመገጣጠሚያው መስመር ላይ በፈረቃ የሚሠሩት ሠራተኞች አሉ። የኔትወርክ ኩባንያዎች ስልኩ ከማማዎቻቸው ጋር መግባባቱን ቀድመው ይፈትሻሉ። ማስታወቂያ የሚቀርጹት ያዩታል። «እስከዚህ ቀንና ሰዓት እንዳትናገሩ» ተብለው ፈርመው የሚቀበሉ ጋዜጠኞችም አሉ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ስልኩ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ በመርከብ፣ በአውሮፕላንና በመጋዘን ተበትኗል። ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል አንዱ አፉን ባይከፍት ነበር የሚገርመው።

አፍ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ራሱ የወጣበት ጊዜም አለ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በጣም የታወቀው የአይፎን 4 ታሪክ ነው። በማርች 2010 አንድ የአፕል መሐንዲስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሬድዉድ ሲቲ በሚባል ከተማ ቢራ ቤት ሲያመሽ የሙከራ ስልኩን ረስቶ ወጣ። ስልኩ የቀድሞውን አይፎን 3ጂኤስ እንዲመስል ከቨር ለብሶ ነበር። ሰው እጅ ገባና ጊዝሞዶ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ 5,000 ዶላር ከፍሎ ወሰደው። ፈታታው። ኤፕሪል 19 ላይ ለዓለም አሳየው። አፕል ስልኩን በይፋ ያስተዋወቀው ጁን 7 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ያ ወሬ ለምን እንደታመነ ማየት ይጠቅመሃል። ድረ ገጹ እጅ ሲገባ ስልኩ አይሠራም ነበር፤ አፕል ከርቀት ዘግቶታል። ስለዚህ «ስክሪኑ ላይ እንዲህ አየሁ» የሚባልበት ሁኔታ አልነበረም። ቢሆንም ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ አይፎን ነው ብሎ አወቀው። ተፈትቶ ሲታይ የውስጥ ክፍሎቹ ላይ የአፕል ስም አለ። ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ግን የመጣው ከአፕል ጠበቃ ነው። ዕቃችንን መልሱልን የሚል ደብዳቤ ጻፈ። ዕቃ ፎርጅድ ከሆነ ባለቤት ነኝ የሚል አይመጣም።

ከዚያ ወዲህም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። በ2018 የጉግል ፒክስል 3 ኤክስኤል ከመታወጁ ሳምንታት በፊት የሰዎች እጅ ገብቶ፣ ከካርቶን ወጥቶ ተገምግሟል። በኦክቶበር 2024 አዲሱ ማክቡክ ፕሮ ገና ሳይታወጅ ሩሲያውያን ዩቲዩበሮች ከነማሸጊያው ከፍተው አሳዩት። አፕል ያወጀው በዚያው ወር መጨረሻ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የሚደጋገም ነገር አለ። ዕቃው ከሁሉም አቅጣጫ ታይቷል፣ ተነክቷል፣ ተፈትቷል ወይም በርቷል። አንተ የምትከታተለው ሰው ያቀረበው አንድ ብዥ ያለ ፎቶና ብዙ ቃል ነው። ልዩነቱ ሰፊ ነው።

እሺ፣ ታዲያ ምን አይቶ ይሆናል? የመጀመሪያው ግምቴ ዳሚ ነው። የስልክ ከቨር የሚሠሩ ፋብሪካዎች አዲስ ስልክ በወጣበት ቀን ከቨራቸው መደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት። በኋላ ቢደርሱ ገበያው አልፏቸዋል። ስለዚህ ከአቅራቢዎች የሾለከ ልክና ሥዕል ገዝተው፣ በእሱ መሠረት ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ የስልክ ቅርጽ ይቀርጻሉ። ውስጡ ባዶ ነው። አይበራም። ከሩቅ ሲታይ ግን ስልክ ነው፤ ሲጨበጥም ስልክ ነው። «በእጄ ይዤዋለሁ» የሚል ሰው ዳሚ ይዞ ከሆነ አልዋሸም።

እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የማውቀው ሰው ኪሱ ውስጥ ከትቶ አመጣልኝ። ክብደቱ ልክ ነው። ጠርዙ ልስልስ ያለ ነው። አገላብጬ ሳየው ልቤ መምታት ጀመረ። ከዚያ በልማድ የእጅ ባትሪ አበራሁና ካሜራው ላይ ጣልኩት። እውነተኛ ሌንስ ውስጥ ብርሃን ወደ ጥልቀት ይገባል፤ ቀለበት በቀለበት ሆኖ ይታያል። የዚያኛው ግን ከመስታወቱ ሥር ጥቁር ቀለም ብቻ ነበር። ባትሪውን ባላበራ ኖሮ እኔም ያን ቀን ማታ «በዓይኔ አየሁት» ብዬ ለጓደኞቼ አወራ ነበር።

ሁለተኛው በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ነው። ሬንደር ይሉታል። ከሾለከው ልክ ተነስቶ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ፎቶ የሚመስል ሥዕል ይሠራል። በዚህ ሥራ ስማቸውን ያተረፉ ሰዎች አሉ፤ ሬንደር መሆኑንም በግልጽ ይናገራሉ። ችግሩ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው። የመጀመሪያው ሰው «በልኩ መሠረት የተሠራ ምስል» ብሎ ያወጣዋል። ሁለተኛው ያችን አረፍተ ነገር ቆርጦ ይለጥፈዋል። ሦስተኛው ፎቶ ነው ይላል። አራተኛው «እኔ ነኝ ያነሳሁት» ብሎ ያርፋል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ። «ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ካዩ እውነት ነው» የሚለው። በማርች 2016 ኒንቴንዶ ገና ሊያወጣው የነበረው የጌም መሣሪያ ኤንኤክስ በሚል የምስጢር ስም ይጠራ ነበር። የዚህ መሣሪያ መቆጣጠሪያ ነው የተባለ ፎቶ ወጣ። ሞላላ ነው፤ ፊቱ ላይ የተለመዱት ቁልፎች የሉም፤ ስክሪኑ ፊቱን ሸፍኖታል። ሰው ተጠራጠረ። ከቀናት በኋላ ሌላ ሰው ያንኑ ዕቃ ከሌላ አቅጣጫ ያነሳው የሚመስል ፎቶ ለጠፈ። በዚህ ጊዜ ብዙ ተጠራጣሪዎች እጃቸውን ሰጡ። በመጨረሻ ሁለተኛው ሰው በ3ዲ ፕሪንተር የሠራው ዕቃ መሆኑን ከነአሠራሩ በቪዲዮ አሳየ። የመጀመሪያውም ፎቶ ፈጠራ ነበር። በማርች 2017 ስዊች ተብሎ የወጣው እውነተኛው መሣሪያ ከዚያ ሞላላ ነገር ጋር ምንም አይገናኝም። ሁለተኛው ምስክር ያየው የመጀመሪያውን ምስክር እንጂ ዕቃውን አልነበረም። ዛሬ ደግሞ 3ዲ ፕሪንተር እንኳ አያስፈልግም። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምስል ሰሪ ጋ ገብቶ ሁለት መስመር መጻፍ በቂ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሰው አይወደውም፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። እውነተኛ የሙከራ ስልክ አይቶም ሊሳሳት ይችላል። ሙከራ የሚባለው ሊቀየር ስለሚችል ነው። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ የአይፎን 15 ፕሮ የድምፅ ቁልፎች የማይጫኑ፣ ሲነኩ በንዝረት ብቻ የሚመልሱ ይሆናሉ ተባለ። ያለው ደግሞ ጎረምሳ አልነበረም። የአቅርቦት ሰንሰለቱን የሚከታተለው ታዋቂው ተንታኝ ሚንግ ቺ ኩዎ ጭምር ነው። በኤፕሪል 2023 ራሱ ኩዎ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ሐሳቡ መቅረቱን ተናገረ። በሴፕቴምበር የወጣው ስልክ እንደ ድሮው የሚጫን ቁልፍ ነበረው። እንግዲህ በየካቲት ገደማ የማይጫን ቁልፍ ያለው ናሙና ያየ ሰው ቢኖር ዋሽቷል ትላለህ? አልዋሸም። ያንን አምኖ ስልክ ሳይገዛ የጠበቀ ሰው ግን የጠበቀውን አላገኘም።

የአፕል ዎች ሲሪስ 7 ታሪክ ደግሞ ያስቃል። በ2021 ጠርዙ ጠፍጣፋ ይሆናል የሚለው ወሬ በጣም ከመጽናቱ የተነሳ ያንን መልክ የያዙ ቅጂ ሰዓቶች ቻይና ውስጥ ለገበያ ቀረቡ። እውነተኛው ሲወጣ ጠርዙ ክብ ነበር። አስበው፤ በዓለም ላይ የሌለ ዕቃ ፎርጅዱ ቀድሞ ተሸጠ።

ኩባንያው ራሱ የተናገረው እንኳ ዋስትና የለውም። በሴፕቴምበር 2017 አፕል ኤርፓወር የሚባል፣ ሦስት ዕቃ በአንዴ ቻርጅ የሚያደርግ ምንጣፍ መሳይ ነገር መድረክ ላይ አሳየ። ሰው ጠበቀ። በማርች 2019 ኩባንያው ደረጃችንን አላሟላም ብሎ ሰረዘው። በመድረክ የታየ ከተሰረዘ፣ በብዥታ ፎቶ የታየው ምን ያህል እርግጠኛ ሊሆን ነው?

አሁን ወደ ሰውየው ልምድ እንምጣ። «ሁለት ጊዜ ልክ ሆኗል» ብለሃል። ምን ብሎ ነው ልክ የሆነው? «ካሜራው ይሻሻላል፣ ፕሮሰሰሩ ይፈጥናል፣ በሴፕቴምበር ይወጣል» ብሎ ከሆነ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እለዋለሁ። ከዚያ ደግሞ ስንት ጊዜ ተሳስቷል? ይህን ብዙ ጊዜ ማወቅ አትችልም፤ የተሳሳተው ፖስት ይሰረዛልና። በ2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አንድ የትዊተር አካውንት ውጤቱንና ጎል አግቢውን ቀድሞ ተናግሯል ተብሎ ዓለም ጉድ አለ። ዘዴው ቀላል ነበር። ከጨዋታው በፊት ሊሆን የሚችለውን ሁሉ መጻፍ፣ ከጨዋታው በኋላ ያልሆነውን መሰረዝ። በስልክ ወሬም ይኸው ዘዴ ይሠራል። ሰዓትና ቀን ያለው ፖስት ማስረጃ የሚሆነው ከጎኑ ምን እንደነበረ ካወቅክ ብቻ ነው።

ለምን ይህን ያደርጋሉ ካልከኝ፣ ክፋት ብቻ አይደለም። ቪው ገንዘብ ነው። ጉራም አለ፤ ከሌላው ቀድሞ ማወቅ ደስ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ የሰማውን ደጋግሞ ሲያወራ ያየው ይመስለዋል። ኩባንያዎቹም ንጹሕ አይደሉም። የሰውን ስሜት ለመለካት፣ ወይም የተፎካካሪን ዜና ለማደብዘዝ ራሳቸው የሚያንጠባጥቡት ወሬ አለ። በጁን 2019 የፒክስል 4 ሬንደሮች ሲሾልኩ ጉግል አልደነገጠም፤ ራሱ የስልኩን ጀርባ ምስል አወጣና «ካያችሁ አይቀር እንኩ» ዓይነት መልእክት ጻፈ። ስልኩ የታወጀው ከአራት ወር በኋላ በኦክቶበር ነው።

ታዲያ ምንም የሚታመን የለም ማለት ነው? አለ። የሚታመነው ግን አሰልቺው ነው። ሬዲዮ ሞገድ የሚለቅ ዕቃ ሁሉ፣ ማለትም ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ ወይም ሲም ያለው፣ አሜሪካ ውስጥ ከመሸጡ በፊት ኤፍሲሲ በሚባለው የኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት ተፈትሾ ፈቃድ ማግኘት አለበት። ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው። ቻይናም ቴና በሚባለው ተቋም በኩል ተመሳሳይ መዝገብ አላት፤ ብዙ ጊዜ ፎቶና ልክ ሳይቀር ይወጣበታል። የብሉቱዝ ማኅበሩም ዝርዝር አለው። አንድ የሞዴል ቁጥር እዚህ ውስጥ ከታየ ዕቃው በእርግጥ አለ፣ ለሽያጭም እየተቃረበ ነው።

ገደቡንም ልንገርህ። ሰነዱ የሚነግርህ ጥቂት ነው። ኩባንያው የውስጥና የውጭ ፎቶው ለጊዜው እንዳይታይ መጠየቅ ይችላል፤ በኤፍሲሲ ይህ እስከ 180 ቀን ሊሄድ ይችላል። ዋጋው የለም። የሚወጣበት ቀን የለም። ካሜራው ጥሩ መሆን አለመሆኑ የለም። የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማመልከቻ ደግሞ ከዚህ ጋር አይቆጠር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በየዓመቱ በብዛት ያስመዘግባሉ፤ አብዛኛው ዕቃ ሆኖ አይወጣም። «አፕል የሚታጠፍ ምናምን ፓተንት አወጣ» የሚል ዜና ስታይ አንብበህ እለፈው።

ከሰነድ ቀጥሎ የማምነው ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘን ፍንጭ ነው። በ2017 ክረምት አፕል ሆምፖድ ለሚባለው ስፒከሩ የሚሆን ሶፍትዌር ሳይታሰብ ለሕዝብ ለቀቀ። ስፒከሩ ራሱ ገና ለሽያጭ አልቀረበም ነበር። ፕሮግራመሮች ውስጡን ሲመረምሩ ከላይ እስከ ታች ስክሪን የሆነ ስልክ ምልክትና የባለቤቱን ፊት አይቶ ስለሚከፈት መቆለፊያ የሚናገር ኮድ አገኙ። በሴፕቴምበር አይፎን 10 ታወጀ፤ ልክ ያው ነበር። እዚህ «እመኑኝ» የሚል ሰው አያስፈልግም። ፋይሉን ማንም አውርዶ ማየት ይችል ነበር። የምትከታተለው ሰው ግን «እመኑኝ» ከማለት ሌላ ምንም አላቀረበም።

ስለ ፎቶው ጥቂት ልበል። ብዥ ማለቱ ፎርጅድ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም። እውነተኛ ሚስጥር የሚያወጣ ሰውም ፎቶውን ያደበዝዛል፣ ጠርዙን ይቆርጣል፤ የሙከራ ዕቃዎች ላይ ማን እጅ እንደነበሩ የሚያሳብቅ ቁጥርና ምልክት ስለሚኖር። የእውነተኛነት ማስረጃም አይደለም፤ ብዥታ የአሳሳችም ምርጥ ጓደኛ ነው። ፎቶውን ጉግል ሌንስን በመሰለ የምስል መፈለጊያ ፈልገው። ብዙ ጊዜ ከዚያ በፊት የወጣ ሬንደር ሆኖ ይገኛል፤ ይህ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ፎቶው ውስጥ ያለው ቀንና ሰዓት ግን አያታልልህ። ሜታዳታ የሚባለው ይህ መረጃ በነፃ አፕ ይቀየራል፣ ብዙ ማኅበራዊ ገጾችም ምስል ሲጫን ይሰርዙታል። የፍጥነት መለኪያ አፕ ውጤት የሚያሳይ ስክሪንሾትም እንዲሁ ነው። የስልኩ ስም የሚጻፍበት ቦታ ሊቀየር ይችላል።

ቀብዱ ላይ ደረስን። እዚህ ጋ «ምናልባት» የሚል ቃል አልጠቀምም። ያልታወጀ ስልክ ዋጋ የለውም፣ የሚወጣበት ቀን የለውም፣ የሞዴል ስሙ እንኳ አልጸደቀም። ይህን ሁሉ ሳያውቅ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው የሚሸጠው ስልክ ሳይሆን ጉጉትህን ነው። በእርግጥ የሙከራ ስልክ አምጥቶ ቢሰጥህስ? ያኔ ደግሞ ይብሳል። ኩባንያው ከርቀት ሊዘጋው ይችላል፤ የአይፎን 4ቱ እንደሆነው። የሌላ ሰው ንብረትም ነው። በዚያ ታሪክ ስልኩን ለሽያጭ ያቀረቡት ሁለት ሰዎች በ2011 ፍርድ ቤት ቀርበው የአንድ ዓመት የአመክሮ ቅጣት፣ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና ለአፕል 250 ዶላር ካሳ ተፈርዶባቸዋል። «የሙከራ ተጠቃሚ ሁኑ፣ ይህን ፎርም ሙሉ» የሚል ሊንክ ወይም «የአዲሱን ስልክ ሶፍትዌር ቀድመህ ጫን» የሚል ፋይል ከመጣልህም አትንካው። እንዲህ ያለ ፋይል ስልክህ ውስጥ ያለውን ለመስረቅ የቆየና የተለመደ መንገድ ነው።

አሁን የአንተ ስልክ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል። ካስቸገረህ፣ ሥራህን ካስተጓጎለው፣ ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ውስጥ የሚሆንህን ግዛ። የተፈተነ ነው፤ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ካሜራው ማታ ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚበላሽበት የሚነግሩህ የገዙ ሰዎች አሉ። መጠበቅ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜም አለ፤ እሱ ግን በካላንደር እንጂ በወሬ አይወሰንም። ለምሳሌ ከ2012 ወዲህ ዋናው አዲስ አይፎን ሲታወጅ የቆየው በሴፕቴምበር ነው፤ 2020 ላይ ግን ወደ ኦክቶበር ገፋ። ኦገስት ላይ ቆመህ አይፎን ለመግዛት ካሰብክ አንድ ወር ታገሥ። አዲሱን ባትፈልገው እንኳ የቀድሞው ይረክሳል። ይህን ለማወቅ ማንም ምንም ማየት አያስፈልገውም። ከዚያ የራቀ ከሆነ ግን ስክሪንህን አስቀይርና ኑሮህን ቀጥል። ስክሪን ማስቀየር አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ስልክ ከመግዛት ያነሰ ወጪ ነው፤ ጊዜም ይገዛልሃል።

ሰውየውን መከታተሉን ግን ተው አልልህም። የስልክ ወሬ ለእኔም ደስ ይለኛል፤ እንደ እግር ኳስ ዝውውር ወሬ ነው። ብቻ በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት ነገር ጠይቀው። በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ? በእጅህ ይዘኸዋል ወይስ ሌላ ሰው ይዞት አየህ? እስካሁን በወጡት ሬንደሮች ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ንገረኝ። በሐቅ ያየ ሰው ሦስተኛው ላይ አንዲት እንግዳ ነገር አያጣም፤ የሙቀት ማስወጫ ቀዳዳ፣ ያልተለመደ የሲም ቦታ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ቁጥር። ያላየው ቀድሞ የተጻፈውን ይደግምልሃል ወይም ይቆጣል። የመለሰልህን ስክሪንሾት አንስተህ አስቀምጥ፣ ፖስቱ ቢጠፋ እንኳ አንተ ጋ ይኖራል። ስልኩ በወጣ ቀን ከዕቃው ጋር ታስተያየዋለህ። ቀብድ ከፍለህ ከሆነ ግን ያን ቀን አትጠብቅ፤ መልስልኝ ብለህ ዛሬውኑ ጻፍለት።